እያወቅን ለምን እንደነግጣለን?

ተኩስ ከተሰማበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ንግግር አለ። የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ወይም የቆርቆሮ በር በኃይል ሲላጋ በረንዳ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብርግግ ይላል። ዘወር ብሎ ያየው ሰው ወደ ብርጭቆው ሲመለስ «ጎማ መሆኑን እኮ ወዲያው አውቄዋለሁ፤ ሰውነቴ ነው እምቢ ያለኝ» ይላል። ስለ ስልኩ የሚያወራውም በዚያው ቃል ይናገራል፦ «ምንም አዲስ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ እጄ ግን ሳላስበው ይከፍተዋል።»

ማወቅ ለምን አይበቃም? ጥያቄው በሥነ ልቦና ሳይንስ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ለእኛ ደግሞ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። ልጆቻችንን «አይዟችሁ፣ አትፍሩ» ስንል፣ ተማሪውን «ስልክህን ተወው» ስንል፣ ሾፌሩን «ተጠንቀቅ» ስንል፣ ምክራችን ሁሉ የሚቆመው ሰው ካወቀ ይለወጣል በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ እውነት አለው። እውነት ያልሆነበት ቦታም አለ፤ ያንን ቦታ ለይቶ አለማወቃችን ነው ምክራችንን ከንቱ የሚያደርገው።

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባካሄደው ምርምር ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ግን ከዚያው ሥራ ጎን በወጣ ግኝት ነው። ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይቀርብ፣ መምጣቱን የሚያበስረውን ድምፅ ሲሰሙ ምራቃቸው ይወርድ ነበር። ምንም ትርጉም ያልነበረው ምልክት ከጥቅም ወይም ከጉዳት ጋር ተደጋግሞ ሲመጣ ውሎ አድሮ ምልክቱ ብቻውን ምላሹን ይቀሰቅሳል። ይህንን ኮንዲሽኒንግ ይሉታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው የእኛ ተረት የዚሁ ነገር ሌላ ገጽታ ነው። ፍርሃት በተማርንበት ነገር ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደሚመስለው ሁሉ ይዛመታል። ተኩስ የለመደ ጆሮ ለጎማም ይደነግጣል።

ከፓቭሎቭ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ይህንን በሰው ላይ ሲሞክሩ ትልቁ ጥያቄ ተነሳ። ሰውዬው መማሩን ሳያውቅ ሊማር ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1955 ጆኤል ግሪንስፑን የተባለ አሜሪካዊ ሰዎች እንዲሁ የመጣላቸውን ቃል እንዲጠሩ እየጠየቀ፣ ብዙ ቁጥርን የሚያመለክት ስም ሲጠሩ «እምም» እያለ በጉሮሮው ያደፋፍራቸው ነበር። እንዲህ ያሉ ስሞች እየበዙ መጡ። ሰዎቹ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ ምንም እንዳላስተዋሉ ተናገሩ። ነገሩ ብዙዎችን አስደነቀ፤ ሰው በ«እምም» ብቻ ሳያውቀው ይመራል ማለት ነውና።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ጄምስ ቪካሪ የተባለ የማስታወቂያ ባለሙያ በኒው ጀርሲ ሲኒማ ቤት ለዓይን በማይያዝ ፍጥነት «ፈንዲሻ ብሉ»፣ «ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚል ጽሑፍ እያብለጨለጨ ሽያጩን እንዳሳደገ አወጀ። ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱ ነገሩ ሥራውን ለማነቃቃት የተፈጠረ ብልሃት እንደነበር አመነ። ማስተባበያው ወሬውን አልደረሰበትም። ዛሬም ቴሌግራም ላይ «አእምሯችሁን ሳታውቁ እየተቆጣጠሩት ነው» የሚሉ ቪዲዮዎች ከዚያው ወሬ የተቀዱ ናቸው።

የግሪንስፑንም ውጤት በጥንቃቄ ሲመረመር ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዶን ዱላኒ ሰዎቹን በጥልቀት ሲጠይቅ፣ ምላሻቸው የተለወጠው ሰዎች አንድ ግምት የያዙ ሆነው አገኛቸው። ግምቱ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ሰውዬው «አንድ ዓይነት ነገሮችን ብዘረዝር ደስ ይለዋል» ብሎ አስቦ፣ አልማዞች፣ ዕንቁዎች እያለ ሲቀጥል ሳያስበው ብዙ ቁጥር ይናገራል። አጠያየቁ ላይ ላዩን ከሆነ አላወቅሁም ይላል፤ ጠለቅ ሲሉበት ግን የሚያውቀው ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዊሊያም ብሪወር እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመዝን አዋቂ ሰው ሳያውቅ በኮንዲሽኒንግ ይማራል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሎ ደመደመ። ብዙዎች ቃሉ ተጋነነ ብለው ተከራክረውታል፤ የድምዳሜው ዋና አካል ግን እስካሁን ከነክብደቱ አለ።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ኩክ እና ሃሪስ ያሳዩት ነው። የሰዎቹን የእጅ ላብ በሚለካ መሣሪያ እየተከታተሉ «ይህ ምልክት ሲመጣ በኤሌክትሪክ ትነዘራላችሁ» ብለው ነገሯቸው። ምልክቱና ንዝረቱ አንድም ጊዜ አብረው ሳይመጡ፣ ምልክቱ በመጣ ቁጥር እጃቸው ያልብ ጀመር። በተገላቢጦሹም፣ ንዝረቱን በተግባር የተማሩ ሰዎች «ከእንግዲህ የለም» ሲባሉና ሽቦው ከእጃቸው ሲፈታ ምላሹ ያለ ሌላ ልምምድ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ውሻ ይህንን አይችልም፤ ደወሉ ደጋግሞ ያለ ምግብ መጮህ አለበት። ሰው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር መፍራትን ይማራል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገርም ከፍርሃቱ ብዙውን ያራግፋል።

ይህ ለባሕር ዳር ወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ተኩስ በተሰማበት ሰፈር ያልነበረ ልጅ ከነበረው እኩል ሊፈራ ይችላል፤ ምክንያቱም አዋቂዎች ቡና ላይ ሲያወሩ ሰምቷል። ማታ ማታ በየቤቱ የሚነበበው ያልተጣራ ወሬም በአካል እንደመገኘት ያህል ያስተምራል። በሌላ በኩል ለልጁ የሆነውን በግልጽ ቋንቋ፣ ዕድሜው በሚፈቅደው መጠን መንገር፣ ድምፁ የምን እንደሆነ አብሮ መለየት፣ በእርግጥ ሥራ ይሠራል። «ልጅ ነው፣ አይገባውም» ብለን ዝም ስንል ይህንን ጠንካራ መሣሪያ ከእጃችን እንጥላለን።

እንግዲህ ቃል ይህን ያህል ከቻለ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ለምን ብርግግ አለ?

መልሱ የአእምሮ ጉዳት ካጋጠማቸው ሰዎች ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1911 ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኤዱዋር ክላፓሬድ አዲስ ነገር መያዝ የማትችል አንዲት ታማሚ ነበረችው። ሐኪሟን በየቀኑ እንደ አዲስ ሰው ነበር የምትተዋወቀው። አንድ ቀን ጣቶቹ መሐል መርፌ ደብቆ ሲጨብጣት ወጋት። ወዲያው ረሳችው። በኋላ ግን እጁን ሲዘረጋ እጇን ሰበሰበች። ምክንያቱን ሲጠይቃት የመርፌውን ነገር አላስታወሰችም፤ አንዳንድ ጊዜ በሰው እጅ ውስጥ መርፌ ይደበቃል የምትል ዓይነት መልስ ነው የሰጠችው።

ከ84 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በአሜሪካ አዮዋ አንቷን ብሻራና ባልደረቦቹ ነገሩን በሁለት በኩል አሳዩት። ቀለም ያለው ሥዕል እያሳዩ፣ አንደኛው ቀለም ሲመጣ የጀልባ ጥሩንባ በድንገት ያስጮሁ ነበር፤ ጣና ላይ ጀልባ ሊነሳ ሲል የምንሰማው ዓይነት፣ ግን ጆሮ አጠገብ። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባት ታማሚ የትኛው ቀለም ጥሩንባ እንደሚያመጣ በትክክል ትናገራለች፤ ቀለሙን ስታይ ግን ሰውነቷ ምንም አይልም። ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል የተጎዳበት ታማሚ ደግሞ የትኛው ቀለም እንደሆነ መናገር አይችልም፤ ሰውነቱ ግን ቀለሙ ሲመጣ ይደነግጣል። አንደኛዋ ታውቃለች አትደነግጥም፤ ሁለተኛው ይደነግጣል አያውቅም። ጤናማ ሰው ላይ ሁለቱ አብረው ስለሚሠሩ አንድ ይመስሉናል።

ጊዜም ልዩነት ያመጣል። ክላርክና ስኳየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ድምፅ እያሰሙ፣ ቀጥሎ ዓይን ላይ እፍ የሚል አየር እየነፉ የዓይን ጥቅሻን አጠኑ። ድምፁ ሳይቋረጥ አየሩ ከደረበበት ሰዎች ግንኙነቱን ሳያስተውሉም ዓይናቸው ይማራል። ድምፁ ቆሞ፣ ለግማሽ ወይም ለአንድ ሰከንድ ዝምታ ኖሮ፣ ከዚያ አየሩ ከመጣ ግን የሚማሩት ግንኙነቱን ያወቁት ሰዎች ናቸው። በመሐል ያለችውን ያቺን ትንሽ ክፍተት አልፎ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያገናኘው ንቃተ ህሊና ነው ማለት ነው። ከዚህ ረዘም ላለ ነገር፣ ለምሳሌ ማታ ስልክ ላይ ማምሸትን ከጠዋቱ ድካም ጋር ለማያያዝ፣ ልብ ብሎ ማሰብ ግድ ይላል።

ፈረንሳዊው ፒየር ፔሩሼ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ውጤት ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ድምፁ ከተሰማ በኋላ አየሩ የሚመጣው በግማሹ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ሰዎቹ ያውቃሉ። አየሩ ሦስት አራት ጊዜ ተከታትሎ ከመጣ «አሁንስ አይመጣም» ብለው ይገምታሉ፤ ዓይናቸው ግን በዚያው ሰዓት ይበልጥ ይጠቅሳል። ተከታትሎ ከቀረ ደግሞ «አሁን መምጣቱ ነው» ይላሉ፤ ዓይናቸው ይላላል። ግምቱ ወደ ላይ፣ ጥቅሻው ወደ ታች። የውጤቱ ትርጉም ላይ ክርክሩ ባይዘጋም፣ በአንድ ሰው ውስጥ በአንድ ቅጽበት እውቀትና ልማድ በተቃራኒ መንገድ ሊሄዱ እንደሚችሉ ያሳያል። «ሰውነቴ ነው እምቢ ያለኝ» የሚለው የሻይ ቤቱ ሰው ለራሱ ሰበብ እየፈለገ አይደለም። በትክክል የሆነውን ነው የሚናገረው።

ስልኩን በተመለከተ ከተማችን ማንም ያላቀደው ፈተና አልፎባታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ዳታ እንደሌለ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሆኖም ሰው ስልኩን ከኪሱ እያወጣ፣ ማያውን እየነካ፣ ባዶውን እያየ ይመልሰው ነበር። ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ያሳየው ነገር ይህንን ያስረዳል። ሽልማቱ ሁልጊዜ ሲመጣ የነበረ ልማድ ሽልማቱ ሲቀር ቶሎ ይጠፋል፤ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ እየቀረ የተተከለ ልማድ ግን ሽልማቱ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል። መልእክት፣ «ላይክ»፣ ከውጭ አገር የዘመድ ድምፅ፣ ሁሉም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በአሜሪካ ኢንዲያና ሚሼል ድሩዊን እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጠየቋቸው 290 ተማሪዎች 89 በመቶው ስልካቸው ሳይንቀጠቀጥ የተንቀጠቀጠ መስሏቸው ያውቃል። ቆዳ ሳይቀር መጠበቅን ይማራል።

እስካሁን ያወራነው ማወቅ ስላለበትና ስለሌለበት ነው። ለማወቅ ግን መጀመሪያ ትኩረት ያስፈልጋል፤ ትኩረት ደግሞ ጠባብ ነው። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ሰዎች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ እያሳዩ ቅብብሉን እንዲቆጥሩ አዘዙ። በመሐል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፣ ደረቱን ደቅቶ ይወጣል። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የሳንባ ምስል ለሚያነቡ 24 ሐኪሞች ምስሉ ላይ ትንሽ ጎሪላ ተለጠፈ፤ 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲመዘገብ ካላዩት አብዛኞቹ ዓይናቸው ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር። ዓይን ማረፉ ማየት አይደለም።

ይህንን በጎ ጎኑን ለማየት አባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ ታንኳ ላይ መቀመጥ ነው። ተሳፋሪው ለጥ ያለ ውኃ ያያል። ከፊት የተቀመጠው ቀዛፊ ድንገት መቅዘፊያውን ያነሳና ዝም ይላል። እጁ ወደሚያመለክተው አቅጣጫ ብታይም ለጊዜው ምንም የለም፤ ቆየት ብሎ ሁለት ጆሮና አፍንጫ ከውኃው ብቅ ሲሉ ጉማሬ መሆኑን ትረዳለህ። የሁለቱም ዓይን ያየው አንድ ውኃ ነው። ቀዛፊው ግን በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ደንገል ሲያጭድ የትኛው የውኃ እንቅስቃሴ ትርጉም እንዳለው ተምሯል። ስለ ምልክቱ ዘርዝሮ ንገረኝ ብትለው ብዙ ላይናገር ይችላል፤ ትኩረቱ ግን ሳይታዘዝ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል። ልማድ ትኩረትን ያስተምራል ስንል ይህ ነው።

ክፉ ጎኑም ከዚያው ምንጭ ይቀዳል። ብራያን አንደርሰን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንድን ቀለም ከጥቂት ሳንቲም ጋር አለማመዱ። ክፍያው ከቆመ በኋላ፣ ቀለሙ ለሥራው ምንም ሳይፈይድ ብቅ ሲል የሰዎቹን ዓይን ይስብና ያዘገያቸው ነበር። ስልካችን ላይ የሚበራው ቀይ ነጥብ በዚህ መንገድ ነው የሚጠራን። ላለማየት የምንወስነው ትኩረታችን ከተሳበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስቶታርት እና ባልደረቦቹ እንዳሳዩትም፣ ሰው ስልኩን ሳያነሳ፣ ኖቲፊኬሽን መምጣቱን ብቻ ሲሰማ የያዘው ሥራ ላይ ስህተቱ ይጨምራል።

ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ይህንን በዓይኑ ያያል። ስልኩ በጨርቅ ወይም በላስቲክ መሪው አጠገብ ታስሯል። ሲጮህ ሾፌሩ በአውራ ጣቱ ይከፍትና «አቤት፣ የት ነህ? ደርሻለሁ» ይላል፤ የኮንትራት ደንበኛ ነው፣ እንጀራው ነው፣ ባይመልስ ለሌላ ይደውላል። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ከሆነ፣ እጁም ነጻ ከሆነ ችግር የለም ብሎ ያምናል፤ ሕጉም በየአገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነጣጥረው እጅ ላይ ነው። ስትሬየርና ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 በዩታ ባካሄዱት፣ መንዳትን በሚመስል የላቦራቶሪ ሙከራ ግን በስልክ የሚያወሩ ሰዎች የሚስቱት የማቆሚያ ምልክት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ስልኩ በእጅ ቢያዝም ባይያዝም ልዩነት አልነበረውም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሁለት ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያ ርቀት ውስጥ የሚሻገር ተማሪ ሾፌሩ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ «ተጠንቀቅ» ማለት አይበቃም። ጥንቃቄ ትኩረት ይፈልጋል፣ ትኩረቱ ደግሞ ስልኩ ጋር ሄዷል። የሚሠራው ጥሪው ትኩረቱን ከመጥራቱ በፊት የሚደረግ ነገር ነው። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ከዓይን መራቅ አለበት። ደንበኛም ሾፌር ሳያነሳ ሲቀር እየነዳ እንደሆነ ገምቶ መጠበቅን ቢለምድ፣ ተሳፋሪም «ወንድሜ፣ ዳር ያዝና አውራ፣ እንጠብቅሃለን» ቢል መልካም ነው። ይህንን ብሎ የተቆጣ ሾፌር አላጋጠመኝም፤ አብዛኛዎቹ ያመሰግናሉ። ተማሪ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለ ስልክ ላይ ተማሪውን ከራሱ ጋር ማታገል ሳይሆን ስልኩን በጥናት ሰዓት ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይቀላል።

ወደ ድንጋጤው ስመለስ አንድ ነገር ይቀረኛል። ፍርሃት አደጋው ሳይመጣ ምልክቱ ብቻ ተደጋግሞ ሲያልፍ ይቀንሳል። ነገር ግን ማርክ ቡተን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአይጦች ላይ፣ ሌሎችም በሰው ላይ ደጋግመው እንዳሳዩት፣ የቀነሰው ፍርሃት አልተሰረዘም። በላዩ ላይ «እዚህ ቦታ አደጋ የለም» የሚል ሁለተኛ ትምህርት ነው የተጨመረበት። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ከተሰጠበት ቦታ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በሌላ ቦታ ፍርሃቱ ይመለሳል። ስለዚህ በምክር አገልግሎት ክፍል ውስጥ ረጋ ብሎ የወጣ ሰው ተኩሱን የሰማበት መንገድ ላይ ሲደርስ ቢርበተበት ምክሩ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ እሱም ደካማ አይደለም። ያንን መንገድ ከሚያምነው ሰው ጋር፣ መጀመሪያ በጠዋት፣ ቀጥሎ በማታ፣ ከዚያም ለብቻው መሄድ ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ያስደነገጠው ልጅ ከሆነም መምህሩና ወላጁ የሚያረጋጉት በዚያው ግቢ ውስጥ፣ በዚያው በር በኩል እየገቡ መሆን አለበት፤ ልጁ እንደገና ሲደነግጥ ደግሞ «ትናንት ተሽሎህ አልነበር ወይ?» ብለው ሳይቆጡ።